አባቴ ያልገባበት አራስ ቤት

የኦሪት ሰዎች አምላካቸውን ፈሩት እንጂ አልወደዱትም ይባላል። ፍቅር በኋላ መጣ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ነጎድጓድና የድንጋይ ውርወራ ብቻ ነው ይባላል። ሰባኪው ይህን ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዓመታት ያለፉት የቢሮ ሰውም ይላል። ሐሰት ነው። እንዲያውም ፈርተውት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሚስትና ለልጅ በተሻለ ነበር።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከኮሶዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለው በአባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ነው።

አባቴ ቄስ ነበር። ለእስራኤል በተራራ ላይ የተሰጠው ሕግ በእኛ መንደር ያረጀ ነገር አልነበረም። ቅዳሜ አይታረስም። ጥንቸል አይበላም። የወለደች ሴት፣ ልጁ ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። አራስ ቤት የገባ ቄስ ደግሞ አይቀድስም። ስለዚህ እናቴ ምጥ በያዛት ቁጥር አባቴ አጎዛውን በትከሻው ጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሄድና እዚያ ይሰነብታል። በየቀኑ እየመጣ ደጅ ይቆማል፤ ደህና ነሽ ይላታል፤ እሷም ከውስጥ ትመልስለታለች። በሩ ክፍት ነው። የማያውቅ ሰው ቢያያቸው የተጣሉ ይመስሉታል።

ከአጥራችን ማዶ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር፤ አያ እያልኩ ነው ያደግሁት። እሱ እግዚአብሔርን የምር ይፈራ ነበር፤ ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲፈልግ ኖረ። ቅዳሜ አያርስም፤ ግን በሬዎቹ ቀንበሩን እንዳይረሱት ብሎ ጠምዶ ማሳው ውስጥ ያዞራቸዋል። አባቴ የንስሐ አባቱ ነው።

«ማረሻውስ?» ይለዋል።

«ማረሻው መሬት አልነካም አባ። ይህን ያህል አልነካም።»

አባቴ ስግደት ያዝዝበታል። አያ ጉልበቱን እያሻሸ ይከራከራል፤ ግማሹን ያስቀንስና ከቀረውም ግማሹን ይሰግዳል። እኔ በልጅነቴ አያን መናፍቅ፣ አባቴን ጻድቅ አድርጌ አስብ ነበር። አሁንም አባቴ ጻድቅ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።

ነገሩ በሆነበት ዓመት ጎንደር ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። በጥር ወር ለሚውለው ንግሥ ስመጣ እናቴን ሴት ልጅ ወልዳ አራስ አገኘኋት። በዋዜማው ትኩሳት ያዛት። አዋላጇ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት። ሲነጋ እናቴ እኔን በሞተችው እኅቷ ስም ትጠራኝ ጀመር። አዋላጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «ይቺን ሐኪም ነው የሚያያት፤ ጎንደር ውሰዷት» አለች።

ለመውሰድ አልጋዋን ተሸክሞ እስከ ማኪናው መንገድ የሚያወጣ ወንድ ያስፈልጋል። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ነው። አራስ ቤት ገብቶ የተሸከመ ሰው ደግሞ በዓመቱ አንዴ የሚወጣውን ታቦት ሊያጅብ አይችልም። አባቴ ከገባ ጭራሽ ቅዳሴ የለም። ለቅዳሴ ሁለት ቄስ ይፈለጋል፤ ደብራችንም ከሁለት በላይ አልነበረውም።

ሮጬ ጠራሁት። መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምነው?» አለ።

«አባ፣ ይግቡና ይዩዋት። አታውቀኝም።»

እግሩን አነሣ። እውነቴን ነው፣ አንሥቶ ነበር። ግን እናቴ ድምፁን ስትሰማ ነቃች።

«እንዳይገቡ» አለችው። «በእኔ የተነሣ ታቦቱ ሳይነግሥ ይዋል?»

እግሩን መልሶ አሳረፈ። «አልገባም። ቀድሼ እመጣለሁ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ «ውኃ አጠጫት» አለኝና ሄደ። አልሮጠም፤ አልዘገየምም። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ሄደ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ አካሄዱ ነው።

አያ ጋቢውን አጣፍቶ ለንግሡ ሊወጣ ሲል አጥሩ ሥር ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ጠጋ ብሎ አዋላጇን ጠየቃት።

«የሚያረክሰው መግባቱ ነው ወይስ መሸከሙ?»

«መግባቱ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው እናንተ እስከ በሩ አድርሱልኝ፤ እኔና ልጆቼ ከውጭ እንቀበላለን። ውጭ የቆመ ሰው ምን አደረገ?»

ሁለቱ ትልልቅ ልጆቹ መጡ። እኔና አዋላጇ የጠፍሩን አልጋ እየጎተትን በሩ ጋ አደረስነው። አልጋው ግን ከበሩ ይሰፋል፤ ካልተጋደመ አይወጣም፤ ለማጋደም ደግሞ እናቴን አቅፎ የሚያነሣ ብርቱ ክንድ ይፈልጋል። አያ እየጎነበሰ መቃኑን አየ፤ አልጋውን አየ።

«ይህን በር ማን ነው ያነጸው?» አለ።

«አንተ ነህ» አለችው አዋላጇ።

ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ገባ። «ከእግዜር ጋር ያለኝ ክርክር ድሮም አላለቀም፤ አንድ ይጨመርበት» እያለ እናቴን እንደ ነዶ አቅፎ አነሣት። ልጆቹም ተከትለውት ገቡ።

ሕፃኗን አዝዬ ከኋላ ተከተልኳቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ስናልፍ ቅዳሴው ይሰማል። የአባቴን ድምፅ ለየሁት። አልተንቀጠቀጠም።

እህል የጫነ ማኪና ጎንደር አደረሰን። ሆስፒታል መርፌ ወጓት፤ ሰነበተችና ዳነች። ሕፃኗም ደህና ሆነች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። መንደሩ ግን «ቅዳሴው አዳናት» አለ፤ እናቴም እስክትሞት ድረስ እንዲያ አለች። አያን ያነሣ የለም። ያነሣው አባቴ ብቻ ነው፤ የንስሐ አባቱ ነውና ስግደት አዘዘበት።

«የተሸከምኳት እኮ ሚስትዎን ነው አባ» አለው አያ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ግን ሌላ ነው።»

አያ በዚያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልተከራከረም። ሁሉንም ሰገደው።

በኋላ ብዙ አነበብሁ። የጥንት ነገሥታት ከገባሮቻቸው ጋር ቃል ኪዳን ሲገቡ «ውደደኝ» ይሉ እንደነበር፣ ትርጉሙም ስጠራህ ና፣ ሌላ ጌታ አትይ ማለት እንደነበር የሚጽፉ ሊቃውንት አሉ። እስራኤልም አምላኳን እንድትወድ የታዘዘችው በዚሁ ቋንቋ ነው ይላሉ። ይህ ለፈረንጅ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል። እኛ መንደር ግን ምስለኔው ሰው ሰብስቦ «ጃንሆይን የምትወዱ ሁሉ» ብሎ ሲጀምር፣ ግብር እንደሚከተል የማያውቅ አልነበረም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሚፈራ ሰው ከጌታው ጋር ይደራደራል፤ የሚወድ ሰው መደራደር ይቀፈዋል። አያ ፈሪ ስለነበረ ደጃፉ ላይ ቀዳዳ ፈለገ፤ ቀዳዳው ሲጠፋም መግባት አላቃተውም። አባቴን ግን ቀዳዳ መፈለግ አሳፈረው።

ልጁን ሊሠዋ ወደ ተራራ ስለወጣው አባት ሲወራ ሰው ሁሉ ወደ በጉ ይሮጣል። እኔ የማስበው ከተራራው ሲወርዱ ልጁ ከአባቱ ጋር ምን እንዳወራ ነው። ከዓመታት በኋላ አባቴ ጎንደር ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ እኔም የበኩሌን ጠየቅሁት።

«ያን ቀን ሞታ ቢሆን ኖሮስ?»

«ቀድሼ ስወጣ ፍትሐት አደርስላት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ቀረ?» አለ። መቋሚያውን አንሥቶ መንገዱን ያይ ጀመር፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አባቴን ፈሪ ነበር አትበልብኝ። ደግ ነበር ብለህም አታጽናናኝ።