ከመጋረጃው ወዲያ የተማርኩት ወጥ

ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት እንደሚቁላላ ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወጥን የማውቀው እንጀራ ላይ ፈስሶ ሲቀርብልኝ ብቻ ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ነው። ከካራ መገናኛ፣ ከመገናኛ ካራ። ምሳዬን ጉርድ ሾላ አካባቢ ከነበረች አንዲት ምግብ ቤት እበላለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ራቴ ይጠብቀኛል። ማጀት ለምን አትገባም ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቀኝም እስቅበት ነበር እንጂ መልስ አልሰጠውም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ድስት ከፍቶ የሚያይ ወንድ መሳቂያ ነበር።

ቤታችን ከየካ ተራራ ሥር፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ነው። ጠባብ ናት። ማጀቱንና መኝታ ክፍሉን የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ነው። ግድግዳ እናቁምበት እየተባባልን ልጃችን አድጋ፣ ተድራ ሐዋሳ ገባች፤ ግድግዳው ሳይቆም ቀረ።

ባለቤቴ ምግብ አልወርድ ሲላት መጀመሪያ ጾም ያደከማት መስሎን ነበር። ቀጥሎ ብርድ ነው አልን። ልብሷ ሲሰፋባት ግን ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ምርመራው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ እሷን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ወጣት ልጅ ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በሽታው መሰራጨቱን፣ ማስታገሻ እንጂ ሌላ መድኃኒት እንደማይሰጣት ነገረኝ። «ለእሳቸው እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እሱም የዚህ አገር ልጅ ነው፤ እንደማልነግራት ያውቃል። እኛ ዘንድ ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ሰው ተስፋው ሲቆረጥ ቀድሞ ይሞታል ይባላል፤ እኔም እንደዚያ አምናለሁ።

ታክሲ ውስጥ «ምን አለህ?» አለችኝ።

«ጨጓራ ነው። ብዙም የሚያሰጋ አይደለም።»

«በርበሬ ላቁም?»

«ቀንሺ ነው ያለው።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ያመነችኝ መሰለኝ። እውነቱን የነገርኩት ለልጃችን ብቻ ነው። እሷም እያለቀሰች «ሠራተኛ እቀጥራለሁ» አለች። ይህን ለባለቤቴ ሳነሳላት ያን ቀን የበላችው ነገር ሳይኖር ጉልበት ከየት እንዳመጣች አላውቅም፣ ከአልጋዋ ላይ ቀና አለች።

«ሠራተኛ ቤቴ አትገባም። አንተ እጅ የለህም እንዴ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀችም።

በማግሥቱ ጀመርን። «ዛሬ እሳት አትነካም» አለችኝ፤ እሷ አልጋዋ ላይ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ። ቲማቲም ፍትፍት ነበር። ቲማቲሙን ታጥበዋለህ፣ ሽንኩርቱን ታደቅቀዋለህ፣ ቃሪያውን ፍሬውን አውጥተህ ትከትፈዋለህ፣ ዘይት ጠብ ታደርግበታለህ፣ ሎሚ ትጨምቅበታለህ። እንጀራውን በመጨረሻ ትቆራርስበታለህ፤ አስቀድመህ ካደረግኸው ይላቁጣል። እኔ አስቀድሜ አደረግሁት። የቀረበላትን አየት አድርጋ «ይሄ ለጥርስ አልባ ሽማግሌ ነው» አለችና ሁለት ጉርሻ በላች። ሁለት ጉርሻ በመብላቷ ብቻ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቀጥሎ እሳት ተፈቀደልኝ። ሽንኩርቱን ምድጃ ላይ ጥጄ ዘይት ሳነሳ ቆርቆሮው ሲንቀሳቀስ ሰማችኝ።

«ዘይቱን አስቀምጠው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ብቻውን ይብሰል።»

«ያርራል እኮ።»

«እያማሰልክ ከሆነ አያርርም። ሲይዝብህ ውሃ ጠብ አድርግበት። ዘይት የሚገባው ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ነው።»

አማሰልኩ። ክንዴ ሲዝል ማማሰያውን ድስቱ ጫፍ ላይ አሳረፍኩት።

«ቆመሃል» አለችኝ።

«አልቆምኩም።»

«ድምፁ ጠፍቷል እኮ።»

በዚህ ተሸነፍኩ። እኔ ሞተር በጆሮዬ አውቃለሁ፤ ገና ሲነሳ ምን እንደጎደለው እነግርሃለሁ። ሴትዮዋ ደግሞ ድስት በጆሮዋ ታውቅ ኖሯል። ሽንኩርቱ ውሃው ሲያልቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ዘይቱ ሲገባ እንዴት እንደሚጮህ፣ ሽሮ ሲበስል ተክ ተክ የሚለው መቼ ቀጠን መቼ ወፈር እንደሚል ከአልጋዋ ሆና ትነግረኛለች። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

ጠብም ነበረን። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሹፌርነት ደግሞ ቁጣዬን አባብሶታል። አንድ ቀን ምስር እየሠራሁ «እሳቱ በዛ፣ እሳቱ በዛ» ስትለኝ ማማሰያውን ጥዬ ወጣሁና ዳገቱን ይዤ ወደ ላይ ሄድኩ። ባሕር ዛፉ መሐል ትንሽ እንደተቀመጥኩ ንዴቴ ሲበርድ፣ ምድጃውን ሳላጠፋ መውጣቴ ትዝ አለኝ። እየሮጥኩ ስገባ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። እሷ መነሳት አትችልም፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተኝታለች።

«አረረ» አለችኝ፣ ልክ ዝናብ መጣ እንደሚባለው። «አታማስለው። ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጠው፣ ታቹን እንዳትነካው። ካልነካኸው ሽታው ወደ ላይ አይወጣም።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ ድስቱን ገልብጬ በሩንና መስኮቱን ከፈትኩላት። የፈራሁት ስለ ምስሩ አልነበረም።

ሁዳዴ ሲገባ የባሰ ጣጣ መጣ። የንስሐ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው «ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ወተትም እንቁላልም ውሰጂ» ብለዋት ነበር። «እሺ አባቴ» አለች። እሳቸው ከወጡ በኋላ ግን «እሳቸው የፈቀዱልኝ ካልቻልኩ ነው፤ እኔ ገና እችላለሁ» አለችኝ። እንግዲህ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ሽሮ ሠራሁ። ያለ ማጋነን የዚያ ዕለቱ ሽሮ ከእጄ ከወጡት ሁሉ የተሻለ ነበር። አልጓጎለም፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል። መድኃኒቷ በባዶ ሆድ ስለማይወሰድ ቶሎ ብዬ አቀረብኩላት። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፈው ምድጃው ላይ ያለውን ድስት በመጋረጃው ክፍተት አየችው።

«በየትኛው ነው የሠራኸው?»

«በትልቁ። እጀታው በሽቦ በታሰረው።»

«እሱ እኮ የፍስክ ነው። የዶሮው ድስት ነው።»

ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያውቃል? በቤታችን የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለየብቻ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። በደንብ ታጥቧል አልኳት። እሱ ራሱ እግዚአብሔር ድስት አያይም አልኳት። በመጨረሻ ጮህኩ። መድኃኒቱ፣ ሰውነቷ፣ እጇ ላይ የቀረው አጥንት፣ ይህን ሁሉ እያየሁ ስለ ድስት ማውራታችን አሳበደኝ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችና «ሽሮው ግን ሽታው ያማረ ነው» አለችኝ። «አትድፋው፣ ኃጢአት ነው። ለጎረቤታችን ውሰድላት፤ እሷ አትጾምም።»

ጎረቤታችን የስልጤ ሴት ናት፤ በራችን አጠገብ ሱቅ አላት፤ ሽንኩርትና ዘይት የምገዛው ከእሷ ነው። ሳህኑን ይዤ ስገባ ደነገጠች። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አለችኝና እጇን ታጥባ እዚያው ቀመሰች። ደግማ ጎረሰች። «አላህ እጅዎን ይባርከው፤ ጨው ብቻ ትንሽ በዝቶበታል። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው እኮ ገብቶበታል።» ማታ ሳህኑን መለሰችልኝ። እንደ ወጉ ባዶውን አልመለሰችውም፤ ሎሚና ቃሪያ ሞልታበታለች። እኔም በትንሹ የጾም ድስት እንደገና ሠርቼ፣ ጨው ሳልጨምር፣ ባለቤቴን አበላሁ። ከሳህኑ ጥግ ላይ ጥቂት ቀምሳ መድኃኒቷን ዋጠች።

ከዚያ በኋላ በወጥ ሥራ የተያዝኩ ሰው ሆንኩ። ድንች በካሮት ሠራሁ፤ ጎመን ቀቅዬ በነጭ ሽንኩርት ጠበስኩ፤ ያደረ እንጀራ በቁሌት ፈረፈርኩ። እውነቱን ልናገር። ወጡ ከጣፈጠ ትበላለች፣ ከበላች ትድናለች ብዬ ነው። ሐኪሙ የነገረኝን ጆሮዬ ሰምቷል፤ እጄ ግን አልሰማም። ከየቀኑ ትምህርት በኋላ የእሷ ጉርሻ እያነሰ፣ የእኔ ወጥ እያማረ ሄደ። አንዳንዴ መጋረጃውን ገልጬ ሳያት ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ እየሳበች ታዳምጣለች። ሽታው ይበቃታል መሰለኝ። ይህ ያናድደኝ ነበር። ለማን ነው የምደክመው እል ነበር በልቤ።

ፋሲካ አለፈ። የዶሮውን ወጥ ጎረቤቶች አመጡልን፤ እሷ መረቁን ብቻ በማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው፣ ከእንጦጦ በኩል ደመናው ወርዶ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ጠራችኝ።

«ዛሬ ሽሮ ሥራ። አንድ ሽንኩርት ብቻ ክተፍ።»

«አንድ ሽንኩርት ምን ይሆናል?»

«ለአንድ ሰው ይበቃል።»

በቤታችን ለአንድ ሰው ተሠርቶ አያውቅም። በማንም ቤት አይሠራም። ድስት የሚጣደው ሰው ቢመጣስ ተብሎ ነው፤ ትሪ የሚቀርበው እጅ ለእጅ እየተገናኘ ሊበላበት ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ነው ያደግነው። እኔም ከምግብ ቤቷ ምሳዬ በስተቀር ብቻዬን በልቼ አላውቅም፤ እዚያም ቢሆን አጠገቤ የተቀመጠውን እንብላ ሳልል አልጎርስም። አንዱን ከተፍኩና ሁለተኛውን አነሳሁ። ቢላዋው ጣውላው ላይ ሲያርፍ ሰማችው።

«ሁለተኛውን አስቀምጠው።»

«ለአንቺ ብቻ ነው እንድሠራ የፈለግሽው?»

«ለእኔ አይደለም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እንዳልገባው ሰው ግን ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመርኩ። እሷም እንደ ሌላው ቀን ትምህርቷን ቀጠለች። ትንሹን ድስት ያዝ። ዘይቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ውሃው አንድ ብርጭቆ ነው፤ አትገምት፣ ለካ። ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነስክ አማስል። ድምፅዋ ደክሟል፤ በየመሐሉ ታርፋለች፤ ግን አንድም ነገር አልዘለለችም።

«ሐኪሙ ያን ቀን ምን አለህ?» አለችኝ፣ በዚያው ድምፅ።

«ነግሬሻለሁ። ጨጓራ ነው።»

«ቆምክ። ሽሮው ይጓጉላል፣ አማስል። እያማሰልክ ንገረኝ።»

እያማሰልኩ ነገርኳት። ፊቷን እያየሁ ቢሆን ኖሮ አንዲት ቃል ባልወጣችኝ ነበር። መካከላችን መጋረጃው ነበር፤ እጄም ሥራ ይዟል። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ልጃችን የምታውቅ መሆኗን፣ ታክሲ ውስጥ የዋሸሁትን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«አውቄ ነበር» አለችኝ። «የሐኪሙ ክፍል በር ላይ መስተዋት ነበረች፤ በእሷ አየሁህ። ሐኪሙ ሲያወራህ ኮፍያህን አወለቅህ። አንተ ከቤተ ክርስቲያን በር ሌላ የት ኮፍያህን አውልቀህ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንድትማር ነዋ። ገና ያኔ ብንነጋገር ቁጭ ብለህ ታለቅስ ነበር እንጂ ድስት አትነካም ነበር። ልጅቷ ሐዋሳ ናት። ሰፈሩ የሚያበላህ ለቅሶው እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል።»

ምድጃውን ቀነስኩ። ሽሮው ተክ ተክ ማለት ጀምሯል። «አሁን ወፈረ» አለች፤ «አውጣው።»

እንጀራ በሳህን ዘርግቼ ሽሮውን ገለበጥኩበትና ወደ እሷ ይዤው ገባሁ። ቆርሼ ወደ አፏ ሳስጠጋ እጄን በቀስታ መለሰችው።

«አንተ ብላ። እኔ ልይህ።»

«ብቻዬን አልበላም።»

«እኔ አጠገብህ ነኝ እኮ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በላሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በውሃ አወረድኩት። ሽሮው ጥሩ ነበር። ጨዉ ልክ ነበር፣ አልቀጠነም፣ አልወፈረም። እንዲህ በሆነ ሰዓት ምግብ መጣፈጡ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል፤ ግን ጣፍጦኛል፤ ርቦኝም ነበር። እሷ ጎኗን ወደ እኔ አዙራ፣ እጄ ወደ ሳህኑ ሲወርድ ወደ አፌ ሲወጣ በዓይኗ ትከተለኛለች። አስፋልት ላይ መንዳት የሚማር ልጅን የምከታተለው እኔ ነበርኩ ድሮ፤ እንዲህ ተከታትዬ ግን አላውቅም። የመጨረሻዋን ጠርጌ ሳህኑን ባዶውን አሳየኋት።

«ጎሽ» አለችኝ። «በል አሁን ልተኛ።»