ኪራዩ ሲቀንስ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ የቤታችን ኪራይ ቀነሰ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል፤ የሆነው ግን ይኸው ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሊንደን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ የመንግሥት ቤት ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ኪራይ የሚተመነው በነዋሪው ገቢ ነው። ደህና የሚያገኝ ደህና ይከፍላል፤ የሌለው ትንሽ ነገር ከፍሎ ይኖራል። ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። እኔ ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አንዲት አሮጊት ቤት እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ስለዚህ ኪራዩ የሱ ጉዳይ ነበር። በወሩ መጀመሪያ ከሥራ ሲመለስ እንደ ቼክ ያለ መኒ ኦርደር ገዝቶ የመኖሪያ ግቢው ኦፊስ በር ላይ ባለው ሣጥን ይከትና፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "በይ፣ ለዚህ ወር አንባረርም" ይለኛል። በየወሩ ያንኑ ይላል፤ በየወሩ እስቃለሁ።

ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍል ነበረው። ልጅ አልወለድንም። ሁለተኛዋን ክፍል ያገኘናት፣ እሱ በማሽን እየተነፈሰ ስለሚተኛ ለብቻው እንዲሆን ሐኪም ጽፎለት ነው። ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የሚያየው የመኪና ማቆሚያውን ነው። የወረርሽኙ በሽታ የያዘው በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ፣ ብርዱ ሲገባ ነበር፤ ያን ጊዜ እዚያች ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ሾርባውን ደፉ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እሸሻለሁ፤ ከፈት አድርጎ ይወስዳል። ከዚያ እኔ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቤ፣ እሱ ከውስጥ ሆኖ እናወራለን። ሳሉ ሲያቋርጠው እጠብቃለሁ። አንድ ጠዋት ትንፋሹ ሲያጥረው አምቡላንስ ጠራሁ፤ ይዘውት ሲወጡ እጁን ትንሽ አንስቶ አሳየኝ። ሆስፒታል ሰው አያስገቡም ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየሁትም። ስለዚህ የት ሞተ ብባል የምመልሰው ሆስፒታል ነው፤ የተለየኝ ግን ከዚያች ክፍል ነው።

ለቅሶው እንደ ለቅሶ አልሆነም። ድንኳን የለ፣ ፍራሽ የለ። ሰዉ መኪናውን እያመጣ ከደጃፌ ያቆምና፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያለቅሳል። እኔ ደረጃው ላይ ጋቢ ተከናንቤ ቆሜ እጅ እነሳለሁ። ጎረቤቶቻችን ግራ ገብቷቸው መጋረጃ ገለጥ እያደረጉ ያዩን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከመኪናዎቹ አንደኛው አልሄደም። በሩ ተከፈተና እትዬ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። እትዬ የምላት በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ነው እንጂ ዘመዴ አይደለችም። ከባለቤቴ ጋር እዚያው መጋዘን የምትሠራ፣ የሰው ቤዝመንት ተከራይታ የምትኖር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት።

"አይሆንም እትዬ፣ በሽታው እዚህ ቤት ነበር" አልኳት።

"እኔንም ይዞኝ ለቆኛል። ሥጋዬ አልጣፈጠውም መሰለኝ" አለችና አልፋኝ ገባች። "ሐዘንተኛ ብቻዋን ታድራለች እንዴ? ሻንጣ የሚቀመጠው ወዴት ነው?"

ወደ ትንሿ ክፍል መራኋት። ሌላ ቦታ አልነበረም። እስከ አርባው ትቆያለች ብዬ ነበር። አርባው ሲያልፍ እስከ ሰማንያው አለች፤ ሰማንያው ሲያልፍ ስለ መሄድ ያነሣ የለም። ማለዳ ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። "በልተሻል?" ትለኛለች። አልበላሁም። ትቆጣኛለች፤ አብረን እንበላለን። አንዳንድ ቀን አብራኝ ታለቅሳለች፤ አንዳንድ ቀን "ዛሬ እንኳ ደክሞኛል፣ ነገ እናለቅሳለን" ብላ ቴሌቪዥን ትከፍታለች። በዚያ የብርድ ወቅት ከአልጋዬ እንድነሣ ያደረገችኝ እሷ ናት።

ኪራዩ ግን አሁንም በሱ ደሞዝ የተተመነው ነበር። ዕድሩ በሰጠኝ ገንዘብ ለጥቂት ወራት ከፈልኩ። መጋቢት ገደማ ሲያልቅብኝ ኦፊስ ሄጄ መሞቱን ሪፖርት አደረግሁ።

የግቢው ማኔጀር ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ባለቤቴን በስሙ ትጠራው ነበር። ከመስተዋቱ ማዶ ሆና ወረቀቱን ተቀበለችኝ፣ አነበበችው፣ ጭምብሏን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። ከዚያ ኪራዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በጣም ዝቅ እንደሚል ነገረችኝ። አመሰገንኳት። ሌላ ምን ይባላል?

"ታዲያ አሁን ብቻሽን ነሽ?" አለችኝ ለስለስ ብላ።

ሰው እያለው ብቻዬን ነኝ የሚል፣ የመጣለትን፣ አብሮት ያደረውን፣ ያጎረሰውን ሰው ክዷል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ አይወጣም። ከኔም አልወጣም።

"ኧረ ብቻዬን አይደለሁም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት፤ ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም። "አንዲት እህታችን ከቀብሩ ጀምሮ አብራኝ ናት። አንድ ቀን ውጭ አድራ አታውቅም።"

ማኔጀሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አንድ ቀንም?"

"አንድ ቀንም።"

"ይህን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር" አለች። "አሁን ሰምቻለሁ።"

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እንግዳ ከሁለት ሳምንት በላይ ማደር አይችልም፤ ሊዙ ላይ፣ የኪራይ ውሉ ላይ ተጽፏል። ሴትየዋ የምትኖር ከሆነ ሊዙ ላይ ትግባ፤ ያኔ ደሞዟ ከኔ ጋር ተደምሮ ኪራዩ እንደገና ይተመናል። የማትኖር ከሆነ ትውጣ፤ ያኔ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ሁለት መኝታ አይሰጥም። ባለ አንድ መኝታ ቤት ሲገኝ ወደዚያ እዛወራለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ስወጣ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት።

እትዬ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት።

"ብቻዬን ነኝ አላልሻትም?"

"አንቺ እያለሽ እንዴት ብዬ?"

"ኧረ ጉዴ!" ብላ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠች። "የተማርሽ ነሽ እየተባለ! ለንስሐ አባትሽ እንኳ የማትናገሪውን ለሃውሲንግ ኦፊስ ተናዘዝሽ?"

ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ሳቅሁ።

"በይ ጻፊኝ" አለች።

"ምን ላይ?"

"ሊዙ ላይ ነዋ! እየኖርኩ አይደል?"

"ደሞዝሽን ይቆጥሩታል፣ እትዬ።"

"ይቁጠሩት።"

"ኦቨርታይሙንም።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ኦቨርታይሙንም? እግሬ አብጦ ያመጣሁትን?" ቁርጭምጭሚቷን አሻሸች። "እሱንም ይቁጠሩት፣ ምን ይደረጋል። ክፍሏን ግን አትለቂም። ባልሽ የወጣባትን ክፍል ለማንም አትለቂም።"

ያ ኦቨርታይም ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አዲስ አበባ አክስቷ ጋ የተወቻትን አንድ ልጇን ለማምጣት ፕሮሰስ ጀምራ ነበር። ለጠበቃው፣ ለማመልከቻው፣ ለቲኬቱ ነው የምታጠራቅመው። በዚያ ዕድሜዋ የሰው ቤዝመንት ትኖር የነበረውም ለዚያ ነው። ከኔ ጋር ብትጻፍ የሚጨመርብን ኪራይ ያን ኦቨርታይም ይበላዋል። ይህን ሁለታችንም ሳንናገር አውቀነዋል።

እኔ ደግሞ እንድትጻፍ ፈልጌ ነበር። እሷ ሥራ ስትሄድ ትንሿ ክፍል ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ክፍሏ ውስጥ ከሱ የቀረ ዕቃ አልነበረም፤ ማሽኑን እንኳ መልሰናል። የቀረው ቦታው ነው። መስኮቱ፣ ማሞቂያው ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ፣ ከውስጥ ሆኖ ሲያወራኝ ያየው የነበረው ግድግዳ። እሷ በፈቃዷ ያለችው ነው፣ እኔ አልለመንኳትም እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ከዚያ ሳህን ሳጥብ ወይም አውቶቡስ ስጠብቅ ሌላው ሐሳብ ይመጣል። እኔ የሞተብኝን የማስብበት ክፍል እንዲኖረኝ፣ እሷ በሕይወት ያለች ልጇን ማምጣቱን ታዘግይ?

በወሩ መጨረሻ በእትዬ መኪና ሄድን። ኦፊሱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አያስገባም ነበርና እሷ መኪናው ውስጥ ቀረች። የደሞዝ ወረቀቶቿን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።

"ስሜን አስተካክለሽ አስጽፊ" አለችኝ። "ሥራ ቦታ ባጄ ላይ የሌላ ሰው አድርገውታል። እዚህ ደግሞ ወንድ እንዳያደርጉኝ።"

ማኔጀሯ "እህ፣ ምን ወሰንሽ?" አለችኝ።

"ትወጣለች" አልኳት። "እኔ አንድ ሰው ነኝ።"

ፌስታሉን አየች፣ እኔን አየች። "እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ።"

አስፈረመችኝ። ለእትዬ አስቀድሜ ያልነገርኳት እንደማትፈቅድልኝ ስለማውቅ ነው። ብትለምነኝ ደግሞ እሺ እንደምል አውቅ ነበር።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ምን አለች? ኦቨርታይሙንም ደመረችው?"

ፌስታሉን አንስታ አየች፤ ቋጠሮው እንደነበረ ነው።

"አላሳየሻትም።"

"አላሳየኋትም።"

"አስወጣሽኝ ማለት ነዋ።" ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "ከለቅሶ ቤት ሰው ይባረራል? እንዲህ ያለ ነገር የት ነው የተሰማው?"

"እትዬ፣ ልጅሽ..."

"ልጄን ማን ጠየቀሽ? ስለ ልጄ ያወራሁሽ እንድታዝኚልኝ ነው?" መኪናውን አስነሣች። "ባልሽ ቢኖር ያፍርብሽ ነበር።"

ቅዳሜ ዕለት አንሶላውን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ላግዝሽ ብላት እጄን ገፋ አደረገችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዓይኔን ሳታይ "እንዳትራቢ" አለችኝና ወረደች።

ባለ አንድ መኝታው ቤት የተገኘው በመከር ነው። እስከዚያ ክፍሏ የኔ ብቻ ሆነች። እንደ ድሮው ገብቼ ልቀመጥ ብዬ ነበር። ግን እዚያ ስቀመጥ የሚሰማኝ የሱ መኖር መሆኑ ቀርቶ የእትዬ አለመኖር ሆነ። ወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። እትዬን አስቀይሜ ለራሴ ያስቀረኋት ይመስል፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ከነጭራሹ አልገባሁባትም። የዕድሩ ወንዶች መጥተው ዕቃዬን ሲጭኑ አንደኛው "እዚህ ውስጥስ ምን አለ?" አለኝ። ምንም የለም አልኩት። እውነቴን ነው፤ ባዶ ነበር።

አዲሱ ቤት ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ነው፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብሎ። ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ እይዛለሁ። እትዬ በዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ ማነጋገር ጀመረችኝ፤ አንዳንድ እሑድ በመኪናዋ ቤቴ ታደርሰኛለች። ግቢ ስላት "መሽቷል" ትላለች፤ ሳይመሽም። ልጇ እስካሁን አልመጣችም። በወረርሽኙ ምክንያት ወረፋው ረዝሟል ይባላል። ስጠይቃት "ገና ነው" ብላ መንገዱን ታያለች። ያ ኦቨርታይም ተቆጥቦም አላመጣትም፤ ያን ሁለታችንም አንናገረውም።

በ2022 የዓመቱን የነዋሪና የገቢ ማጣራት በስልክ አደረጉልኝ። የደወለው ወጣት ነው፤ ማኔጀሯ የድሮው ግቢ ቀርታለች። ጥያቄዎቹን በፍጥነት ነበር የሚያነባቸው።

"ቤት ውስጥ የተጨመረ ሰው አለ?"

"የለም።"

"የቀነሰስ?"

"የለም።"

"የሚያድር እንግዳ?"

"ማንም የለም።"

"ብቻዎን ነዎት ማለት ነው?"

"ብቻዬን ነኝ" አልኩት።

አልሰማኝም መሰለኝ፣ "ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ" አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ ኪራዬ ባለበት እንደሚቀጥል ነገረኝና መልካም ቀን ተመኝቶልኝ ዘጋ።