የእህቴ ምራቅ

ዕቃውን ለልጄ የሰጧት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ናቸው፣ ለልደቷ። ትንሽ ብልቃጥ ናት፤ ምራቅህን እንትፍ ትልባትና በፖስታ ትልካለህ፤ ዘርህ ከየት ከየት እንደመጣ ይነግሩሃል። ለኔም አንድ አዘዘችልኝ።

«አባዬ፣ አንተም ትፋ» አለችኝ። እዚሁ አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ሰፈር ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አንተ ነው የምትለኝ፤ ለምጄዋለሁ።

«የኔን ዘር እኔው አውቀዋለሁ፤ ምን በፖስታ ያመላልሰዋል?» ብዬ ቀለድኩባት። ግን ደስ እንዲላት ተፋሁ። ፖሊስም ቢያየው ትፈቅዳለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለው አለችኝ። የሰረቅሁት የለ፤ ይየው አልኳት።

ብርዱ አልፎ ዛፉ ሁሉ ሲለመልም ከሄግ፣ ከፖሊስ ስልክ ተደወለ። ልጄ በሆላንድኛ ስታወራ ፊቷ ሲለዋወጥ አያታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ሮተርዳም ወደብ አጠገብ አንድ ሰው ሞቶ ከውሃ ወጥቷል። ኪሱ ውስጥ ወረቀት የለ፣ ጠፋብኝ ብሎ የጠየቀ የለ። እዚያው ሮተርዳም ያለ ስም ቀበሩት። አሁን የሱንና የኔን ዘር ሲያስተያዩ ዘመዳሞች ሆነን ተገኘን።

ወደ ሄግ በባቡር ሄድን። የተቀበሉን ሁለት ናቸው፤ አንዷ ፖሊስ ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴትዮ። ሌላው የዘር ሐረግ የሚፈልግ ሰውዬ ነው። ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሣጥን ሣጥን እየሣለ ይጠይቀኛል፤ ልጄ ታስተረጉማለች። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ሰው በአባቱ ስም ነው የሚጠራው ልለው ስል ቀድሞ አውቆታል። «ለዚህ እኮ ነው አንተን የጠራንህ» አለ።

በኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል አልኩት።

«እስቲ ቁጠርልኝ።»

ጀመርኩ። ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ከአገሬ በልጅነቴ ነው የወጣሁት፣ ያስቆጠረኝም የለ። አፈርኩ። ሰውየው ግን ፈገግ ብሎ፣ «ሦስት ይበቃናል» አለኝ።

እየሣለ እየሣለ የእናቴ እህት ዘንድ ደረሰ።

«ከሷ በታች ማን አለ?»

«አንዲት ሴት ልጅ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ እኛ ግን እህት ነው የምንለው።»

«እሷስ ልጅ አላት?»

«አንድ ወንድ።»

«የት ነው?»

ልጁ ግሪክ ነበር። አንድ ቀን ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ወደናንተ መንገድ ጀምሬአለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እንግሊዝ ገብቶ ይሆናል ስንል፣ ታስሮ ይሆናል ስንል ጊዜው ሄደ። ወረቀት ለሌለው ሰው ፖሊስ ጋ ሄዶ «ጠፋብኝ» የሚል ማን አለ? እናስይዘዋለን ብለን ፈራን።

ፖሊሷ፣ እርግጠኛ ለመሆን የእናቱ ምራቅ ያስፈልጋል አለች። የሚወሰደው አዲስ አበባ ነው። «ለምን እንደሆነ አውቃ፣ ፈቅዳ ነው መስጠት ያለባት። እኛ እንንገራት ወይስ አንተ?»

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

እህቴ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው። በማግስቱ ደወልኩላት። «ስለ ልጁ እያጣሩ ነው» አልኳት። «ዲ ኤን ኤ የሚሉት ምርመራ አለ፤ ያንቺን ምራቅ ይፈልጋሉ።»

«ዲ ኤን ኤ? የጎረቤቴ ልጅ ባሏ ዘንድ ስትሄድ ያደረገችው? ለቪዛ ነዋ! ተገኘ በለኛ! አንተ ክፉ፣ ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬድሃል?»

እልል አለች። ጎረቤቶቿም ተከተሏት፤ ስልኬ በእልልታ ሞላ።

አልፈርድባትም። በኛ ሰው ዘንድ ዲ ኤን ኤ ማለት ቤተሰብ ማገናኛ ነው። ሚስት ባሏ ዘንድ የምትሄድበት፣ እናት ልጇ ዘንድ የምትሄድበት። ሬሳ ይለይበታል ብሎ የሚያስብ የለም፤ እኔም ሄግ እስክሄድ አላውቅም ነበር።

ቆይ ልላት አፌን ከፈትኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ያልተረጋገጠ መርዶ ደግሞ ሟርት ነው። ይህን ሁሉ ለራሴ አልኩት፤ ሐሰትም የለበትም። ዋናው ግን ደስታዋ አሸነፈኝ። ያን ያህል ዘመን እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «ገና ነው እኮ፤ እያጣሩ ነው» ብዬ ብቻ ዘጋሁ።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «አባዬ፣ ዋሸሃት።»

«ምን ዋሸሁ? ያልኩት ሁሉ እውነት ነው።»

«ያላልከውስ?»

ኢንዲሸ ቡርት የሚሉት ሰፈር አንድ ኤርትራዊ ወዳጅ አለኝ፤ ድሮ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ይነዳ የነበረ። ገበያው ዳር ቆመን አጫወትኩት።

«ጉድ ነው» አለ። «እሷ ቪዛ ትጠብቃለች፣ አንተ መርዶ ትጠብቃለህ። ሁለታችሁም ወረፋ ላይ ናችሁ። ይልቅ ዛሬውኑ ንገራት!»

«መርዶ በስልክ?»

«ታዲያ ደስታውን በምን ነገርካት?»

ሽንኩርቴን ይዤ ትራም ተሳፈርኩ።

እህቴ ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ መደወል ጀመረች። «ስንት ሻንጣ ይፈቅዳሉ?» ትለኛለች። አንድ እላታለሁ። «በርበሬ ይይዙብኛል?» አይይዙም እላታለሁ። «ወፍሮ ይሆን? ሹራብ ልሠራለት ነው፤ ልኩን ጠይቅልኝ።» አላውቅም እላለሁ፤ ከነገርኳት ሁሉ ንጹሑ መልስ እሱ ብቻ ነው። እያንዳንዷ መልስ ትንሽ ናት። ተደራርባ ግን ቤት ሆነች፤ እሷም ገብታ ተቀመጠችበት።

ምራቁን የሰጠች ዕለት ከአዲስ አበባ ደወለች።

«ጥጡን ጉንጬ ውስጥ ሲያሽከረክረው ኮረኮረኝ! እንደ ሕፃን ሳቅሁልህ። ሐኪሙም ሳቀ።»

«ወረቀት አላነበቡልሽም?»

«ሊያነብልኝ ጀምሮ ነበር። ወንድሜ ሁሉን ነግሮኛል፣ አትድከም፣ ብቻ የት ልፈርም አልኩት።»

ያን ጊዜም መናገር ይቻል ነበር። እኔ ግን፣ ጥጡ እንዴት እንደኮረኮራት ደግማ ስትነግረኝ፣ አብሬአት ሳቅሁ።

ውጤቱን ፖሊሷ ራሷ ቤታችን ድረስ ይዛልን መጣች። እሱ ነው። እጄን ይዛ፣ «ለእናቱ የነገርክልን አንተ በመሆንህ ደስ ብሎናል፤ ከዘመድ አፍ ሲሆን ይሻላል» አለችኝ። ልጄ ይህን ስታስተረጉም ዓይኔን አላየችኝም።

ሄጄ ባረዳት ደንቡ ነበር፤ ሐኪሜ ግን በዚህ ልብ አውሮፕላን አትሳፈርም ብሎኛል። ለነፍስ አባቷና ለዕድር ሰዎች ነገርኳቸው። ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ሄዱ። የነፍስ አባቷን፣ እባክዎ ስልኩን ሳይዘጉ ይያዙልኝ አልኳቸው። አፍ አልነበረኝም፤ ጆሮዬ እንኳ እዚያ ይሁን ብዬ ነው።

አምስተርዳም ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ የሰዎቹን እርምጃ ሰማሁ። በሩ ተንኳኳ። የእህቴ ድምፅ መጣ፤ ከእንቅልፏ የተነሣች አትመስልም።

«ቪዛው መጣ?»

ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ደጇ ላይ ሲቆም ታየኝ። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም።

አርባው ካለፈ በኋላ ሮተርዳም መቃብሩ ላይ ስሙን አስጻፍንለት፣ ስሙን ከነአባቱ፣ በኛም ፊደል በነሱም ፊደል። ልጄ በስልኳ እያሳየች ከእናቱ ጋር አገናኘችን። እህቴ ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷ አንሷል።

«ጠጋ አድርጊው፣ ልጄ» አለች። ልጄ ተንበረከከች።

«ሣሩን ማን ያጭደዋል?»

«ሠራተኞች አሉ» አልኳት።

«ደኅና ነው። ንጹሕ ነው።» ቀጥላ፣ «አንተ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ያን ዕለት፣ ጥጡ ኮረኮረኝ ብዬ ስስቅልህ። ታውቅ ነበር?»

ገና አልተረጋገጠም ነበር ማለት እችል ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም ማለት እችል ነበር። ሁለቱም አፌ ላይ ደርሰው ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

ከወደቡ በኩል ነፋሱ በርትቷል። «ምን አልክ? አልሰማሁህም» አለችኝ።

ልጄ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። ደግሜ ነገርኳት።