ሰማንያ ኪሎ የበዛበት ፒካፕ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ቤት መሸጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንደዚህ ሰውዬ ያማረረኝ ደንበኛ ግን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ስንከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን፤ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ሁልጊዜ የሚያየው ያንኑ አንዱን፣ ከሁሉም ትንሹን ነው። ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ውሃ የሌለውን ቧንቧ ይከፍታል፣ አልጋው ላይ ጋደም ይላል። ከዚያ ፒካፑን ያስመዘነበትን ወረቀት ይሰጠኛል።

«ይችለዋል?»

«መጎተቱንማ ይጎትተዋል፣ ጋሼ! መሸከሙ ነው ችግሩ። የተሳቢው አንገት የሚያርፈው ፒካፕዎ ጀርባ ላይ ነው። ክብደቱ ከልኩ በሰማንያ ኪሎ ያልፋል። ስንቴ ልንገርዎት?»

«እስቲ እንደገና አስላው፣ ልጄ።»

ዛሬ ለሰባተኛ ጊዜ አሰላሁት፤ ያው ሰማንያ። ትዕግስቴ አለቀ። የፒካፑ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ ራሴ ላነበው ሄጄ በሩን ከፈትኩት። የኋላ ወንበሩ እስከ ጣሪያው ሞልቷል፤ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የበረዶ ጫማ፣ በካርቶን የታሸጉ መጻሕፍት። መስኮቱ ላይ የመላጫ መስተዋት ተንጠልጥሏል።

«ይኼን ሁሉ ተሸክመው ነው እንዴ የሚያስመዝኑት?» ጮኽኩበት። «ናላዬን ሲያዞሩት የከረሙት ለዚህ ነው? ቤትዎ ያውርዱትና ይምጡ፤ ያኔ ይችለዋል!»

ሊወድቅ የነበረውን ትራስ መልሶ ሸጎጠና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«የት ላውርደው፣ ልጄ?»