የግራው ዳር

የእህቴን ባል በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሰፈሩም፣ የሥራ ባልደረቦቹም፣ እኔም የምናውቀው ጋሽ ሰካው በሚል ነው። ሥራው ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ዕቃ መጫን ነበር። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ የሕፃን ብስክሌቱ ሁሉ ግቢ ላይ ተዘርግፎ ባለቤቶቹ «ይሄ ሁሉ እንዴት ብሎ በአንድ መኪና ይገባል?» ብለው ሲጨነቁ፣ እሱ ራቅ ብሎ ይቆምና ዕቃውን በዓይኑ ይለካል። ከዚያ መኪናው ላይ ወጥቶ ማዘዝ ይጀምራል። «ሶፋውን አቁመው! ጠረጴዛውን ገልብጠህ ከሥሩ። ሰካው! አይደለም፣ በጎኑ ሰካው!» ስሙም ከዚያው መጣ። ሁሉም ገብቶ ለአሮጌ መጥረጊያ እንኳ ቦታ ይተርፍ ነበር።

ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። መኪና ላይ ሲጮህ የዋለው አፍ በር ላይ ከጫማው ጋር ይወልቃል። «ደህና ዋልሽ» ካለ ትልቅ ነገር ነው፤ «ደክሞኛል» ከጨመረበት ደግሞ እህቴ በማግስቱ መጥታ እንደ ወሬ ታወራልኛለች። እሷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ የምትውል፣ ጨዋታ የምትወድ፣ አንድ ጥሩ ቃል ከሰማች ሳምንቱን ሙሉ የምትፈካ ሴት ናት። አንዲቷ ልጃቸው አግብታ ሩቅ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። እኔ በአንድ ግድግዳ እዋሰናቸዋለሁ፤ የስፌት መኪናዬን ሳቆም የማንኪያቸው ድምፅ ይሰማኛል። የሰው ድምፅ ግን እምብዛም አልነበረም።

ታብሌቱ የመጣው ከሥራው ነው። ዕቃቸውን የጫነላቸው ሰዎች ከቆሻሻ ጋር ሊጥሉት ሲሉ ለምኖ አመጣው። በግራ በኩል መስታወቱ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል። ውስጡ ያንን ጨዋታ አገኙ። ጨዋታው ለማስረዳት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው መተው ነው። በትንንሽ ካሬዎች የተከፋፈለ ባዶ ሰሌዳ አለ። ከታች ሦስት ቅርጾች ይቀርቡልሃል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ጉጥ፣ አንዱ እግሩን ያጠፈ። እያነሳህ ሰሌዳው ላይ ታስቀምጣለህ። አንዱ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ብን ብሎ ይጠፋና ቦታ ይለቅልሃል። ማስቀመጫ ስታጣ አለቀልህ። ይኸው ነው። ጠላት የለ፣ ሩጫ የለ፣ የሚያስቸኩልህ የለ።

እኔ መጀመሪያ ስቄባቸዋለሁ። የልጅ ልጅ ለማየት የደረሱ ሰዎች ካሬ ሲደረድሩ ማየት ያስቃል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል?

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ስትሰካ ውለህ ቤትህም ገብተህ ትሰካለህ? አልበቃህም?» አልኩት።

መልስ አገኛለሁ ብዬ አልነበረም። እሱ ግን ቀና አለና «መኪና ሲሞላ ይሄዳል፤ እኔ ባዶው ግቢ ላይ እቀራለሁ» አለኝ። «ይሄ ግን ስትሞዪው ራሱ ባዶ ይሆንልሽና እንደገና ጀምሪ ይልሻል። ሌላ እንዲህ የሚልሽ ነገር ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ተውሼ ሞከርኩት። ለትንሽ ብዬ ጀምሬ የተማሪ ልብስ ያሰፉ ሰዎች መጥተው በሬን እስኪደበድቡ ድረስ አልተነሳሁም፤ እጅጌዎቹ ገና አልተገጠሙም ነበር። ያን ቀን ገባኝ። በኑሮ የሚመጣብንን ነገር የት እናስቀምጠዋለን? የልጅ መራቅ፣ የወገብ ሕመም፣ የአለቃ ቁጣ፣ አንዱም ከአንዱ ጋር አይገጥምም፤ በላይ በላዩ ይቆለላል እንጂ። እዚያ ሰሌዳ ላይ ግን ለአስቀያሚውም ቅርጽ ትንሽ ብታስብ ቦታ ይገኝለታል። ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጫወተው አልፈርድበትም።

ባልና ሚስቱ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ሰሌዳው አንድ ነው፣ የጋራ። እሱ ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ይጫወትና እንዳለ ትቶት ይሄዳል። እሷ ለምሳ ስትመጣ ካቆመበት ትቀጥላለች። ሲመሽ እሱ ይረከባታል። አንዱ ያለ ሌላው አዲስ ሰሌዳ መጀመር ነውር ነበር። በዚህ ምክንያት ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ያቺን ረጅሟን እዚህ ያጋደምሻት ምን አስበሽ ነው?»

«አንተ መች ቦታ ተውክልኝና! ሁሉን ሞልተኸው ትሄዳለህ፤ ለእኔ ምን ተረፈኝ?»

እሱ ይስቃል። ጋሽ ሰካው ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ መርፌዬን አቁሜ አዳመጥኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እህቴ አንድ ቀን ፊቷ በርቶ ወደ እኔ የገባችው። ታብሌቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እይ እስቲ። ምን ይታይሻል?»

አየሁ። ሰሌዳው ከቀኝ ጀምሮ ጥንቅቅ ብሎ ተደርድሯል። በግራ ዳር ብቻ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

«ሰሞኑን ሁሌ እንዲህ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዳሩን አይነካውም። ለኔ ነው የሚተውልኝ። ቦታ አትተውልኝም ብዬው አልነበር? ተመልከች።» አንዷን ረጅም ቅርጽ አንስታ ባዶው ዳር ላይ አቆመቻት። የደረሰችባቸው መስመሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ብን ብለው ጠፉ። «እሱ ይደረድርልኛል፣ እኔ እጠርገዋለሁ።»

«ታዲያ አመሰግናለሁ በይዋ» አልኳት።

«ትቀልጃለሽ? አውቄበታለሁ ካልኩት ያፍርና ይተወዋል። አታውቂውም?»

አውቀዋለሁ። ልክ ነበረች፤ ያፍር ነበር። ስለዚህ ዝም አለች። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ከላውንደሪው እየሮጠች ትመጣለች፣ ከመብላቷ በፊት ታብሌቱን ትከፍታለች፣ የተተወላትን ቦታ ታያለች። ከተጋቡ ጀምሮ ቃል ስትጠብቅ የኖረች ሴት ቃሏን ያገኘች መስሏት ነበር። ፀጉሯን እንደገና መሠራት ጀመረች። «እትዬ፣ ባል ልታገቢ ነው እንዴ?» እያልኩ አበሽቃታለሁ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሰካው ግራ ትከሻው እየበለዘ ይመጣ ጀመር። የበር መቃን ነካኝ ይላል። እህቴ ቅባት ትቀባዋለች። ዕቃ ሲጭን የኖረ ሰው ትከሻ ቢበልዝ ማን ይገረማል? ከዚያ የአንድ ደንበኛ ትልቅ መስታወት በግራ በኩል ከመኪናው ጠርዝ ጋር አላተመና አደቀቀው። ባልደረቦቹ ጠጥቶ ነው ብለው አሙት። እሱ መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ ሐሜቱ ጎድቶት ከወትሮውም ይልቅ ዝም አለ። ወዲያው ደግሞ ማቀዝቀዣ ተሸክሞ በመወጣጫው ሳንቃ ላይ ሲወርድ የሳንቃውን የግራ ዳር ስቶ ወደቀ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ።

ሆስፒታል አጥንቱን ያሰረችለት ነርስ ናት የነቃችበት። ከግራው ቆማ ክኒን ስትሰጠው እጇን አላየም። ጣቷን ወዲያና ወዲህ አድርጋ ሞከረችውና ወደ ዓይን ሐኪም ላከችን። ሦስታችንም ገባን። ሐኪሟ ረጅም ጊዜ መረመረችው፤ ግፊቱን ለካች፣ ጭንቅላቱን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ብርሃን ሲታየው ቁልፍ እንዲጫን አደረገችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኛ ሳበች።

«ግላኮማ ነው። የዓይን ውስጥ ግፊት ነርቩን ቀስ እያለ ገድሎታል። ግራው ዓይን ሄዷል ማለት ይቻላል። ቀኙም ዳር ዳሩን እያጣ ነው።»

«ምንም እኮ አላመመኝም» አለ ጋሽ ሰካው። «ጨለማም አላየሁ።»

«አያምም። ጨለማም አይታይም። የጎደለውን አንጎል በግምት ይሞላዋል፤ ሰውዬው ሁሉን ያየ ይመስለዋል።»

«በመድኃኒት አይመለስም?» አለች እህቴ።

«የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ እሱንም ቃል አልገባም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ግን ብዙ ይተርፍ ነበር።» ሐኪሟ ክፋት አልነበራትም፤ ሥራዋ ስለሆነ ጠየቀች። «ቤት ውስጥ ምንም አላስተዋላችሁም? አንዱን ጎን መሳት፣ መዝለል?»

እህቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ፊቷ አመድ መሰለ። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «አይቼዋለሁ» አለችኝ። «በየቀኑ እያየሁት ነበር። እየሞላሁ ሸፈንኩት።»

ሰፈሩ ሲሰማ የማይለው አልነበረም። ሚስት ሆና እንዴት ሳታውቅ ቀረች? በጊዜ ብትወስደው ኖሮ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንዷን ጎረቤት በሬ ላይ አቁሜ የማይደገም ነገር ነግሬያታለሁ፤ እስካሁን አታናግረኝም፤ ደግ አደረግሁ። ተዪ ብዬ ላስቀረው የማልችለው ግን እህቴ ለራሷ የምትለውን ነበር። እንቅልፍ አጥታ ከረመች። ታብሌቱን ካልጋው ሥር ከታዋለች። እሱ ስለ ጨዋታው በጠየቀ ቁጥር ባትሪው አልቋል ትለዋለች።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። እሱ ትከሻው እንደታሰረ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እህቴ በቀኙ በኩል ወንበር ላይ ሆና ጠብታውን ጨምራለት መክደኛውን ትፈልጋለች። ጋሽ ሰካው ድንገት «ዋሸሁሽ» አላት።

«ምኑን?»

«ታብሌቱን። ተበላሽቶ ነበር። ስንጥቁ ባለበት በግራ በኩል መሥራት አቁሟል። ከዳር እስከ ዳር ደርድሬ እጨርሳለሁ፣ መስመሩ አይጠፋልኝም። በጣም ስለወደድሽው ተበላሸ ልልሽ አልቻልኩም። አንቺ እንዴት እንደምታስኬጂው ይገርመኝ ነበር።»

እህቴ መክደኛውን ከእጇ ጣለችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ምንም አላስቀረችም። ታብሌቱ እንዳልተበላሸ፣ ዳሩ ባዶ ሆኖ ስታገኘው ምን እንደመሰላት፣ ምሳዋን ትታ እየሮጠች እንደምትመጣ፣ እንዳያፍር ብላ ዝም እንዳለችው ነገረችው። «የተውክልኝ መስሎኝ ነው» ትላለች፤ ሌላ ቃል ያለቀባት ይመስል ደጋግማ እሱኑ ትላለች። «የተውክልኝ መስሎኝ ነው። ዓይንህ እየጠፋ እኔ ደስ ይለኝ ነበር።»

እኔ ሻዩን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መግባትም መውጣትም አቃተኝ።

ጋሽ ሰካው አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን በደህና እጁ ሸፈነ። እህቴ መቀመጥ አልቻለችም፤ ድምፅ ሳታሰማ ከወንበሩ ተነሳች፣ በባዶ እግሯ ዞራ በግራው በኩል ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች። ከእግሩ አንድ ክንድ አትርቅም።

«ባየው ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ ቃሉን እንደ ከባድ ዕቃ እያነሳ፣ «ባየው ኖሮ እተውልሽ ነበር። ልብ አላልኩትም እንጂ... ሁሉንም እተውልሽ ነበር።»

በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። የተናገረው ግን ወደ ቀኙ ዞሮ፣ ጠብታው ባደበዘዘው ዓይኑ ባዶውን ወንበር እያየ ነው። ተናግሮ ሲያበቃም መልስ ትሰጠዋለች ብሎ ወንበሩን እያየ ጠበቀ።