የሐጂ ነስሩ አሜሪካዊ ሽጉጥ

ልጅ እያለሁ የምጫወተው በሽጉጥ ነበር። ኧረ አትደንግጡ፣ የእንጨት ነው! አባቴ ጂማ በቾ ቦሬ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል የሽጉጥ አፎት ይሰፋ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ፈቃድ ያለው የቡና ነጋዴ ሁሉ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አድርጎ ገበያ መሀል ማለፍ ይወዳል፤ አፎቱ ታዲያ ያማረ መሆን አለበት።

የሰው ሽጉጥ እኛ ቤት አያድርም። ስለዚህ አባዬ ለየዓይነቱ ከዋንዛ እንጨት ፎርማ ጠርቦ ደርድሯል፤ ጫማ ሰፊ የእግር ፎርማ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ደንበኛው ጥይቱን አውጥቶ ሽጉጡን ጨርቅ ላይ ያኖራል። አባዬ አገላብጦ ያይና ፎርማውን ያወርዳል፤ እርጥብ ቆዳ ያለብሰዋል፤ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ቅርጽ ያስይዘዋል። ሲደርቅ ፎርማውን መንቀል ነው። የእርጥብ ቆዳና የሞራ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲሸተኝ ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ፣ የኔ የልጅነት ሽታ እሱ ነው!

ጨዋታችን እንዲህ ነበር። ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ አባዬ አንዱን ፎርማ እጄ ላይ ያስቀምጥና "የየት አገር ነው?" ይለኛል። ዳስሼ እመልሳለሁ። አሥር ዓመት ሲሞላኝ ከፎርማዎቹ አንዱም አያመልጠኝም ነበር። እውነተኛው ሽጉጥ ሲመጣ ግን "እጅሽን ወደ ኋላ!" እባላለሁ። እጄን ከኋላዬ አጣምሬ በዓይኔ ብቻ እማር ነበር። የቤልጂጉ መገጣጠሚያው ክር አያስገባም። የቼኩ ጠርዙ ሁሉ ተሞርዶ ለስልሷል። የራሺያው ሸካራ ነው፣ ሞረዱ የሄደበት መስመር ይታያል፤ ግን ጭቃ ውስጥ ከርሞም ይሠራል ይሉታል። ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው በዚህ ሲከራከሩ ማየት ነበር! ለሚስት ምርጫ እንኳ እንደዚያ የሚጨነቁ አይመስለኝም።

ከነዚህ ሁሉ ድምፃቸው የሚጎላው የአጋሮው ቡና ነጋዴ ሐጂ ነስሩ ነበሩ። "የኔው አሜሪካዊ ነው! ጥይቱ አርባ አምስት! አባቴ በንጉሡ ጊዜ የገዛው!" ይላሉ። አጋሮ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው። አንድ ሐሙስ መጥተው ልጃቸውን ሊድሩ መሆኑን ነገሩንና ለሠርጉ አዲስ አፎት አዘዙ። ሽጉጡን ግን አላመጡም።

"ሐጂ፣ ሳላይ አልሰፋም" አለ አባዬ።

"አሜሪካዊ ነው አልኩህ እኮ! የአሜሪካ ፎርማ የለህም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ወላሂ፣ የነስሩን ቃል ትጠራጠራለህ?"

አባዬ ሰው ማስቀየም አይሆንለትም፤ እሺ አለ። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥፋት የለበትም። የአሜሪካው ፎርማ ደግሞ ከጋሽ ታደሰ ሽጉጥ ላይ ልክ ተወስዶ የተጠረበ ነበር። ጋሽ ታደሰ የንጉሡ ጊዜ ወታደር፣ ያኔ የቡና መጋዘን ጥበቃ አለቃ ናቸው፤ አግዳሚው ላይ ቋሚ ቦታ አላቸው።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ መጡ። ብቻቸውንም አይደለም፤ የሙሽራውን አባት ከደዶ ይዘው ነው። አግዳሚው ሞልቷል። ሐጂ ጥይቱን አወጡና ሽጉጡን በኩራት አዲሱ አፎት ውስጥ ከተቱት። ወዲህ ወለቅ፣ ወዲያ ወለቅ፤ ሊነቀል የደረሰ የልጅ ጥርስ!

"በጂማ አንደኛ ነው ያላችሁኝ ሰፊ ይሄ ነው?" አሉ የደዶው ሰውዬ። አንዱ ከአግዳሚው ላይ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

አባዬ ሽጉጡን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ። እኔም አየሁት። የአሜሪካው ከእጀታው ጀርባ ሲጨብጡት ወደ ውስጥ የሚገባ ብረት አለው፤ ይሄ የለውም፣ ድፍን ነው፤ እንዲህ ያለውን አንዴ አንድ መንገደኛ ይዞ ሲመጣ አባዬ የእስፔን መሆኑን ነግሮኛል። አባዬ ግን ቀና አለና፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሐጂ። ሳላይ መሥራት አልነበረብኝም" አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ልክ ስቶ የማያውቅ አባቴ! ደሜ ፈላ።

"አባዬ አላጠፋም!" ብዬ ጮህኩ። "ይሄ አሜሪካዊ አይደለም! የእስፔን ነው!"

 ሐጂ ጺማቸውን ጨበጡ። የደዶው ሰውዬ ቀስ ብለው ወደሳቸው ዞሩና "ዱጉማ? እውነት ነው?" አሉ።  አባዬ ያን ጊዜ ኮስተር ብሎ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ረጋ ብሎ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ የርስዎን ከጎኑ ያኑሩልኝ" አለ። ሁለቱ ባዶ ሽጉጦች ጨርቁ ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ። የአሜሪካው አመድማ፣ ደብዛዛ፤ የእስፔኑ ጥቁር ሰማያዊ፣ የሚያበራ። "ጋሼ አይቀየሙኝ፣" አለ አባዬ፣ "የርስዎ ለጦርነት በጥድፊያ የተሠራ ነው። ጠንካራ ነው፣ እንከን አይወጣለትም፤ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላሻሸውም። የሐጂን ደግሞ እዩት፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲወለውለው የዋለ ነው። አባትዎ ዓይን ነበራቸው፣ ሐጂ።"

የደዶው ሰውዬ ጎንበስ አሉ። "ማሻአላህ! መስታወት ነው እንዴ!" ብለው ጥምጣማቸውን እዚያው እያዩ አስተካከሉ። ጋሽ ታደሰም የራሳቸውን ሽጉጥ በጥፊ መታ አድርገው፣ "ይሄ እኮ ከነባለቤቱ ደብዛዛ ነው" አሉ። ሐጂ ነስሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ቀና አሉ።

"እኔስ መቼ ነው የአሜሪካ ከእስፔን ይበልጣል ያልኩት?"

ኧረ ያ ሳቅ! ግድግዳው ሊፈርስ ነበር። አባዬ በዚያው ከሰዓት አዲስ ፎርማ ጠረበ፤ ቆዳው ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ዋለ፤ አመሻሹ ላይ አፎቱ ደረሰ። እሑድ አጋሮ ሠርጉ ላይ ሐጂ ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየዞሩ "የእስፔን ነው! አሜሪካው ከጎኑ ቢቀመጥ አፈረ!" ሲሉ ሰማኋቸው። ሲያዩኝም "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!" ብለው ከራሳቸው ሳህን አጎረሱኝ።

ዓርብ ዕለት ግን አባዬ ሱቁን ሲዘጋ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። "እውነቱን ነው የተናገርሽው። ነገር ግን ሰውዬው ቤታችን የገባ እንግዳ ነበር፤ እንግዳ ሰው ፊት አይዋረድም።" አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም፤ እኔ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ የሽጉጥን አገር የሚጠይቅ የለም፤ አፎቱም የናይለን ሆኗል። እኔ ቡና ቀማሽ ሆኛለሁ። የሌላ ቦታ ቡና ይዞ "የአጋሮ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ሰው ፊት አልናገረውም፤ ለብቻው ጠርቼ እነግረዋለሁ። አባቴ ያስተማረኝ ይህን ነው እያልኩ ሃያ ምናምን ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው ዒድ ይህንኑ አወራሁለት። አርጅቷል። ትክ ብሎ አየኝና ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

"ያን ቀን ስትጮሂ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አለኝ። "እንደዚያ ኮስተር ብዬ ያየሁሽ እንዳልስቅ ፈርቼ ነው።"