መውደቅ ያቃታት ወጥ ሠሪ

አባይነሽ ሶዶ ውስጥ አንድ ሆቴል አሥራ ስድስት ዓመት ወጥ ሠርታለች። ወጥ ቤቱ መስኮት ስለሌለው ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው አስተናጋጆቹ ጭቃ ረግጠው ሲገቡ ነው። መውጣት ትፈልጋለች፤ አንዳንድ ቀንማ ግድግዳው እየተጠጋ የሚመጣባት ይመስላታል። እህቷ ፋና ቦዲቲ መናኸሪያ አጠገብ የሚከራይ ቤት አግኝታ፣ "ነይና የራሳችንን ምግብ ቤት እንክፈት" እያለች ትወተውታታለች።

ታዲያ ምን ያዛት? ፊርማዋ። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ኢሳይያስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሠራተኞቹን ሰብስበው ስለ መጪው የሙያ ብቃት ምዘና ረጅም ጸሎት ጸለዩና ወዲያው ወረቀት አዞሩ። እኛ ዘንድ ከ"አሜን" በኋላ ወረቀት የሚያነብ ሰው ወንድሙን ተጠራጠረ ይባላል። አባይነሽም ሳታነብ ፈረመች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ለካ ወረቀቱ፣ ምዘናውን ያለፈ አምስት ዓመት ከሆቴሉ ንቅንቅ አይልም፣ የወደቀ ግን ይሰናበታል ይላል። እንዲሁ ጥላ እንዳትሄድ ደግሞ ዋስ የሆነላት ጎረቤቷ መምህር ደገፉ አለ፤ ጦሱ ለእሱ ይተርፋል።

ስለዚህ ለመውደቅ ቆረጠች፤ ለፋናም ነገረቻት። ሰው ሁሉ ለማለፍ ሲጸልይ እሷ እንድትወድቅ ጸለየች።

በምዘናው ቀን ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ሽንኩርቱን እንደ ነገሩ ልቆራርጥ ስትል እኩል እኩል ተከተፈላት፤ ቅመሙ፣ ዘይቱ፣ ጭልፋው ገና እሳት ሳይለኮስ ተራ ይዞ ተገኘ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ! የቀራት የቃል ጥያቄው ብቻ ነበር። እሱን ከሳተች ትወድቃለች።

መዛኟ ሜላት በዕድሜ ልጇ የምትሆን ወጣት ናት። "እትዬ አባይነሽ፣ ሚዝ አን ፕላስ ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?" ስትል ጠየቀቻት።

አባይነሽ መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች። "አላውቅም" ልትል አፏን ስትከፍት ሜላት ቀደመቻት።

"አይጨነቁ፤ በልምድ ብቻ ለሠሩ ሰዎች ይህ ይከብዳቸዋል።"

ይሄኔ ደሟ ፈላ።

"ምኑ ነው የሚከብደው?" አለች። "ፈረንሳይኛ ነው፤ በቦታው ማስቀመጥ ማለት ነው። በትልልቆቹ የፈረንሳይ ወጥ ቤቶች ምግብ ሠሪው እንደ ወታደር ተሰልፎ ነው የሚሠራው፤ እሳት ሳይለኮስ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ቦታ ቦታውን ይይዛል። እናቴ ፈረንሳይ የት እንዳለ አታውቅም። ለጊፋታ ግን ቅቤውን ዓመት ሙሉ ታጠራቅማለች፤ እንጨቱን ክረምት ሳይገባ አስፈልጣ ታስደርቃለች፤ በበዓሉ ዋዜማ ጨው ፍለጋ ጎረቤት አትልክም። ይኸው ነው!"

ሜላት ብዕሯን አስቀምጣ አጨበጨበች። በሩ ላይ የቆሙት ጋሽ ኢሳይያስ ደስታቸውን አልቻሉትም።

"ተባረኪ! ከእንግዲህ ማን ይለቅሻል!" አሉ።

አባይነሽ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ፋና ደወለች።

"ወደቅሽ አይደል?" አለች በጉጉት። "እኔ እኮ የቤቱን ቁልፍ ተቀብያለሁ!"

አባይነሽ እንባዋን በሽርጧ ጠረገች።

"አለፍኩ" አለች። "ቁልፉን መልሺላቸው።"